ንግሥቲቱን ከመስጠታችሁ በፊት ፈረሱን ጠይቁ

ደሴ ፒያሳ ሰዓት እጠግናለሁ። ከሥራ ጠረጴዛዬ ጎን በርጩማ ላይ የቼዝ ሰሌዳ ተዘርግቶ ይውላል፤ ሰዓቱን የሚጠብቅ ደንበኛ እጄን አፍጥጦ እያየ ከሚያጣድፈኝ ሐሳቡን ሌላ ቦታ ቢያደርግ ይሻለኛል ብዬ ያስቀመጥኩት ነው። ሰሌዳው ብዙ ዘመን አይቷል። ከጥቁሮቹ ግንቦች አንዱ ጠፍቶ በምትኩ የለስላሳ ቆርኪ ተተክቷል። ቆርኪውን አስታውሱት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

በዚህ ሰሌዳ ላይ ደጋግሜ የምደረድረው አንድ አቀማመጥ አለ። ንግሥትን ሰጥቶ በፈረስ የማስመለስ እንቆቅልሽ ነው። የባጃጅ ሹፌር፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች፣ ሁሉም ሞክረውታል። ስንቱ እንደፈታው አልቆጠርኩም፤ የሚሳሳቱበት ቦታ ግን አንድ ስለሆነ በቃሌ ይዤዋለሁ። ሰሌዳ ያላችሁ አውጡና አብረን እንሂድ።

ሰሌዳውን ስትዘረጉ በቀኝ እጃችሁ በኩል ያለው የቅርቡ ጥግ ነጭ ቤት መሆኑን እዩ። ይህን ትንሽ ነገር የሚንቅ ብዙ ነው፤ ዛሬ ግን የቤቶቹን ቀለም ስለምንጠቀምበት አዙሮ የዘረጋ ሰው መንገድ ይስታል። ዓምዶቹን ከነጩ ተጫዋች ግራ ወደ ቀኝ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤች እላቸዋለሁ። ረድፎቹ ከነጩ ወገን ተነሥተው ከ1 እስከ 8 ይቆጠራሉ። ግንብ የምለውን ሩክ የምትሉ ካላችሁ በለመዳችሁት ጥሩት።

ነጭ፦ ንጉሥ ኤች1፣ ንግሥት ቢ2፣ ፈረሶች ዲ6 እና ኢ3፣ ወታደሮች ኤ2፣ ቢ3፣ ሲ4፣ ዲ5 እና ኤች2።

ጥቁር፦ ንጉሥ ጂ8፣ ንግሥት ጂ5፣ ግንብ ኤፍ7፣ ፈረስ ኤ5፣ ወታደሮች ኤ6፣ ቢ5፣ ሲ5 እና ኤች7።

ተራው የነጭ ነው።

እጃችሁን ከሰሌዳው ላይ አንሡና መጀመሪያ ቁጠሩ። በተለመደው ሚዛን ንግሥት 9፣ ግንብ 5፣ ፈረስ 3፣ ወታደር 1 ነው። ነጭ 20 አለው፤ ጥቁር 21። እንግዲህ ነጭ በቁጥር ትንሽ ወደ ኋላ ቀርቷል። ቀጥሎ ባላጋራችሁ ተራው ቢሆን ምን ያደርግ ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ኢ3 ላይ ያለውን ነጭ ፈረስ ማንም አይጠብቀውም፤ የጥቁሩ ንግሥት በሰያፍ ታየዋለች። ያ ፈረስ ከተበላ ደግሞ ኤፍ1ን የሚጠብቅ ይጠፋል፤ ግንቡም በተከፈተው ዓምድ ቁልቁል ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ነጭ ተራውን በዋዛ የሚያሳልፍበት ጊዜ የለውም። ይህን ማወቅ መልሱን አይሰጣችሁም፤ የምትፈልጉት እርምጃ ለባላጋራ ፋታ የማይሰጥ መሆን እንዳለበት ግን ይነግራችኋል።

አሁን ወደ ስሕተቱ እንምጣ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ አለ፤ የእናቱን የእጅ ሰዓት ሊያሠራ መጥቶ በዚያው የሰሌዳው ባለቤት ሆኗል። አቀማመጡን መጀመሪያ ያሳየሁት ቀን ትንፋሽ ሳይወስድ፣

«ጋሼ፣ ፈረሱ ግንቡን ይብላ!» አለኝ።

ክፉ ሐሳብ አይደለም። ዲ6 ላይ ያለው ፈረስ ኤፍ7 ላይ ያለውን ግንብ መብላት ይችላል፤ ንግሥቲቱንም ያስፈራራታል። ነገር ግን ንጉሡ አጠገቡ ነው፤ ፈረሱን ይበላዋል። ሲቆጠር ሁለቱም ወገን ንግሥትና አንድ አንድ ፈረስ ይቀራቸዋል፤ ነጭ በአንድ ወታደር ይበልጣል። ጥቁር ከፈለገም ኤፍ7ን ትቶ ንግሥቱን ኢ3 ላይ ሊያስገባት ይችላል። ጨዋታው ገና ብዙ ይቀረዋል።

«እሺ» አለ ልጁ፤ «ንግሥቲቱን እንስጥ።»

«የት?»

«እንቆቅልሽ ስለሆነ አንድ ቦታ መስጠት አለብን።»

ይኸው ነው በሽታው። ሰው እንቆቅልሽ መሆኑን ሲያውቅ ንግሥቲቱን ይዞ በሰሌዳው ላይ እንደ ዓይነ ስውር ይዳብሳል፤ እዚህ ብጥላት፣ እዚያ ብጥላት ይላል። ሰዓት ቆሞ ሲመጣልኝ ሞላውን ነቅዬ አልጀምርም። የቆመውን ጠቋሚ አያለሁ፤ ጠቋሚውን የሚያዞረውን ጥርስ አያለሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥርስ እሄዳለሁ። ሞላው ጋር የምደርሰው በመጨረሻ ነው። እዚህም ንግሥቲቱ የመጀመሪያዋ እርምጃ ትሁን እንጂ የምትገኘው በመጨረሻ ነው። መነሻችን ፈረሱ ነው።

እናም ፈረሱን ጠይቁት። ዲ6 ላይ ያለው ፈረስ ስምንት ቤት ያያል፦ ቢ5፣ ቢ7፣ ሲ4፣ ሲ8፣ ኢ4፣ ኢ8፣ ኤፍ5 እና ኤፍ7። ሲ4 ላይ የራሱ ወታደር ስላለ ሰባት ይቀሩታል። በእያንዳንዱ ላይ በሐሳባችሁ አስቀምጡትና «ከዚህ ደግሞ ምን ምን ትነካለህ?» በሉት። ልጁ ይህን ሲሠራ ጣቱን በየቤቱ ላይ እያሳረፈ ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር። ቢ7 ላይ ሲደርስ ፈረስና ወታደር በአንድ ላይ እንደሚይዝ አይቶ ደስ አለው፤ ወዲያው ግን የጥቁሩ ፈረስ ራሱ ቢ7ን እንደሚጠብቅ አየና ጣቱን አነሣ። ኤፍ7 ላይ ሲደርስ ቆመ።

ከኤፍ7 ፈረስ የሚያያቸው ስድስት ቤቶች ናቸው፦ ዲ6፣ ዲ8፣ ኢ5፣ ጂ5፣ ኤች6 እና ኤች8። ጂ5 ላይ የጥቁር ንግሥት ተቀምጣለች። የቀሩት ባዶ ናቸው።

እዚህ ጋር የቤቶቹን ቀለም እዩ። ፈረስ ሲዘል ሁልጊዜ ቀለም ይቀይራል፤ ከነጭ ወደ ጥቁር፣ ከጥቁር ወደ ነጭ። ስለዚህ ነጭ ቤት ላይ የቆመ ፈረስ የሚነካው ጥቁር ቤቶችን ብቻ ነው። አንድ ፈረስ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ እንዲይዝ፣ ሹካ የምንለውን እንዲሠራ፣ ሁለቱም ነገሮች አንድ ዓይነት ቀለም ላይ መቆም አለባቸው። የጥቁሩ ንግሥት ጂ5 ላይ ናት፤ ጥቁር ቤት ነው። ንጉሡ ጂ8 ላይ ነው፤ ነጭ ቤት። እንዲህ እንደቆሙ የትኛውም ፈረስ ከየትም መጥቶ ሁለቱን በአንድ ሹካ ሊወጋቸው አይችልም። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት «ሹካ የለም» ብሎ ያልፋል። እኔ ግን ጥያቄውን ገልብጡት እላለሁ፦ ሹካ እንዲኖር ንጉሡ የት መቆም ነበረበት?

ከስድስቱ ቤቶች ለንጉሡ በአንድ እርምጃ የምትቀርበው አንዲት ናት። ኤች8።

ልጁ ጥጓን ቤት በጥፍሩ ነካ ነካ አደረጋትና «እዚህ ቢሆን ኖሮ» አለ። በዚህ እንቆቅልሽ ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው ያ «ቢሆን ኖሮ» ነው። እስከዚያ ድረስ ስለ ንግሥት መስጠት አንድም ቃል አልተናገርንም። አሁን ግን ምን እንደምንገዛ ስላወቅን ዋጋውን መጠየቅ እንችላለን፤ ንጉሡን ከጂ8 ወደ ኤች8 የሚጎትት ምንድን ነው?

ነጭ በዚህ አቀማመጥ ቼክ ማለት፣ ማለትም ንጉሡን በቀጥታ ማስፈራራት፣ የሚችለው በሁለት መንገድ ብቻ ነው። ሁለቱም በንግሥቲቱ፣ ሁለቱም በአንድ ሰያፍ ላይ። ከቢ2 ተነሡና በጣታችሁ ሂዱ፦ ሲ3፣ ዲ4፣ ኢ5፣ ኤፍ6፣ ጂ7፣ ኤች8። መንገዱ ንጹሕ ነው። ንግሥቲቱ ጂ7 ላይ ልትቆም ትችላለች፤ ኤች8 ድረስም ልትዘልቅ ትችላለች።

ጂ7ን እንሞክር። ማን ይበላታል? ንጉሡ ይችላል፤ ግንቡ ከኤፍ7 ወደ ጎን ይችላል፤ ንግሥቲቱም ከጂ5 ወደ ላይ ትችላለች። ሦስት ምርጫ ለባላጋራ መስጠት ማለት የሚጎዳችሁን እንዲመርጥ መፍቀድ ነው። ንጉሡ ቢበላት እንኳ የሚቆመው ጂ7 ላይ ነው፤ ኤፍ7 ላይ ያለ ፈረስ ጂ7ን አይነካም። ይህ መንገድ ተዘጋ።

ኤች8ስ? ግንቡ አይደርስባትም። የጥቁሩ ንግሥት አትደርስባትም። ኤ5 ላይ የተገለለው ፈረስማ ከሰሌዳው ማዶ ነው። ንጉሡ ደግሞ መሸሽ ቢፈልግ ጂ7ን ንግሥቲቱ ትይዘዋለች፤ ወደ ኤፍ8 ቢሸሽም በስምንተኛው ረድፍ ላይ ከኋላው ታየዋለች፤ ኤፍ7 እና ኤች7 በራሱ ሰዎች ተይዘዋል። አጠገቡ ስለቆመች በመካከል የሚገባ ጋሻም የለም። አንድ መልስ ብቻ ይቀረዋል፤ መብላት። ሲበላትም ራሱን ኤች8 ላይ ያገኘዋል፤ እኛ በፈለግነው ጥቁር ቤት ላይ።

አሁን ሰሌዳው ላይ ተጫወቱት፦

ነጭ፦ ንግሥት ኤች8፣ ቼክ። ጥቁር፦ ንጉሡ ይበላታል።
ነጭ፦ ፈረስ ኤፍ7 ላይ ግንቡን ይበላል፣ ቼክ። ጥቁር፦ ንጉሡ ወደ ጂ7 ወይም ወደ ጂ8 ይሸሻል።
ነጭ፦ ፈረስ ጂ5 ላይ ንግሥቲቱን ይበላል።

ሁለተኛውን እርምጃ ሲያይ ልጁ ሳቀ። «ጋሼ፣ ቆርኪው ነው!» እውነቱን ነው። ኤፍ7 ላይ የቆመው ያ የለስላሳ ቆርኪ ሹካው የሚተከልበት ቤት ነበር፤ ፈረሱ እግረ መንገዱን ግንብ ይበላል። ከእንጨት የተቀረጸ ግንብ ቢሆን ዓይን ቶሎ ያርፍበት ይሆን እያልኩ አንዳንዴ አስባለሁ።

ሒሳቡን ዝጉት። ነጭ ንግሥቱን ሰጠ፤ ግንብና ንግሥት ወሰደ። ሁለት ፈረስና አምስት ወታደር ይዟል፣ 11። ጥቁር አንድ ፈረስና አራት ወታደር ይዟል፣ 7። ጂ5 ላይ የቆመውን ፈረስ ወዲያው የሚበላው የለም። ይህን የመጨረሻ ቆጠራ ሳትጨርሱ ፈታሁት አትበሉ።

አቀማመጡን እኔ የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1966 ሞስኮ ላይ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ግጥሚያ በ10ኛው ጨዋታ የመጣ ነው። ነጩን የያዘው ሻምፒዮኑ ቲግራን ፔትሮስያን ነበር፤ ጥቁሩን ደግሞ ዘውዱን ሊነጥቅ የመጣው ቦሪስ ስፓስኪ። ፔትሮስያን በ29ኛው እርምጃ በጳጳሱ፣ በሰያፍ በሚሄደው ጠጠር፣ ኤፍ7 ላይ አንድ ግንብ በላ፤ ስፓስኪ በሌላኛው ግንብ መልሶ በላ። ቆርኪያችን የቆመው በዚያ እርምጃ ነው። በ30ኛው ንግሥቲቱ ኤች8 ላይ አረፈች፤ ስፓስኪም ሹካውን ሳይጠብቅ ጨዋታውን ለቀቀ። ፔትሮስያን ግጥሚያውን 12 ተኩል ለ11 ተኩል አሸንፎ ዘውዱን አስጠበቀ፤ ስፓስኪ ግን በ1969 ተመልሶ ወሰደበት። ለእኔ ከዚህ ሁሉ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ፔትሮስያን ከዚያ 10 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1956፣ ሲማጊን በተባለ ተጫዋች ላይ ይህንኑ ንግሥትን ኤች8 ላይ ጥሎ በኤፍ7 የመውጋት ዘዴ ተጠቅሞ ነበር። ስለዚህ ያን ዕለት ከሰማይ የወረደለት ነገር የለም፤ ቅርጹን ያውቀዋል። እኛም አንዴ ካየነው በኋላ እናውቀዋለን።

ቅርጹን ማወቅ ግን ያሳስታልም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአንድ የቆየ ወዳጄ ጋር በሻይ ተወራርደን ስንጫወት ይህንኑ የሚመስል ነገር ሰሌዳው ላይ ታየኝ። ንጉሡ ጂ8፣ ግንቡ ኤፍ7፣ ፈረሴ ዲ6፣ ሰያፉ ክፍት። ልቤ መታ። ንግሥቴን ኤች8 ላይ ጠብ አደረግኋትና ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁ፤ ተመልካች እንዲኖርም ዙሪያዬን ቃኘሁ። እርሱ ተረጋግቶ በላት። ፈረሴን አንሥቼ ግንቡን በላሁ፤ «ቼክ!» አልኩ። እርሱም ንግሥቱን ከጂ6 አንድ ቤት ገፋ አድርጎ ፈረሴን በላ። የእርሱ ንግሥት የቆመችው ጂ5 ሳይሆን ጂ6 ላይ ነበር። ከጂ6 ኤፍ7 ትጠበቃለች። ይባስ ብሎ ጂ6 ነጭ ቤት ነው፤ ሹካው ቢተከልም አይነካትም ነበር። አንዲት ቤት! ሻዩን ከፈልኩ፤ ስኳር ጨምሬበትም አልጣፈጠኝም።

ከዚያ ወዲህ ንግሥት ከመልቀቄ በፊት ጣቴን ሹካው በሚተከልበት ቤት ላይ አሳርፌ «እዚህ ማን ይደርሳል?» ብዬ እጠይቃለሁ። ቀጥሎ ባላጋራዬ ንግሥቲቱን ከመብላት ሌላ መውጫ እንዳለው አያለሁ። ሹካው ከቼክ ጋር መምጣቱንም አጣራለሁ፤ ቼክ ከሌለው የተወጋችው ንግሥት ራሷ ቼክ ብላ ታመልጣለች። በመጨረሻ የምበላት ንግሥት ጠባቂ እንዳላት እመለከታለሁ። ይህችን የመጨረሻዋን ሰው ሁሉ ይረሳል።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የዱሮ ሰዎቻችን ይጫወቱት በነበረው፣ ሰንጠረዥ በሚባለው የአገራችን ቼዝ፣ እንዲህ ያለች ኀይለኛ ንግሥት የለችም። በቦታዋ ያለው ፈርዝ ነው፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። የመጀመሪያው መብላት እስኪመጣ ድረስ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠባበቁ እኩል ያንቀሳቅሱ ነበር፤ እንዴት ያለ ግርግር እንደነበር አስቡት። ፈረሱ ግን እንደ ዛሬው ነው የሚዘለው። ለሰንጠረዥ ተጫዋች ይህን አቀማመጥ ብታሳዩት ንግሥቲቱ ግራ ታጋባው ይሆናል እንጂ ኤፍ7ን ከእኔ ደንበኞች ቀድሞ የሚያያት ይመስለኛል።

መለማመድ ለሚፈልግ ሰው የምሰጠው የቤት ሥራ አንድ ነው፤ አዲስ እንቆቅልሽ ከመፈለግ ይልቅ ይህንኑ አቀማመጥ አንድ አንድ ነገር እያዛነፉ መመርመር። የጥቁሩን ንግሥት ጂ6 ላይ አድርጉና እኔ የከፈልኩትን ሻይ ታዩታላችሁ። ወይም ሁሉንም እንዳለ ትታችሁ የጥቁሩን ወታደር ከኤች7 ወደ ኤች6 ግፉት።

ይህን ሁለተኛውን ያመጣው ልጁ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወታደሩን አንድ ቤት ገፋና «አሁንስ?» አለኝ። እኔ የአንድ ደንበኛ ሰዓት ክዳን ከፍቼ ወረንጦውን እንደያዝኩ ቀና አልኩ። ንግሥቲቱ ኤች8 ላይ ብትወርድ ንጉሡ አሁንም መብላት ግዴታው ነው፤ ኤች7 ባዶ ቢሆንም ንግሥቲቱ ትይዘዋለች። ፈረሱም ግንቡን በልቶ ይወጋል። ነገር ግን ጂ5 ላይ ንግሥቲቱን ሲበላ ኤች6 ላይ ያለው ወታደር ፈረሱን መልሶ ይበላዋል። ነጭ ፈረስና አምስት ወታደር፣ ጥቁር ፈረስና አራት ወታደር። ያ ሁሉ ጭብጨባ ለአንድ ወታደር!

«ስለዚህ አይሰጥም?» አለ።

«ከመስጠትህ በፊት ሌላ የተሻለ ፈልግ» አልኩት፤ ወረንጦውን አስቀምጬ በርጩማውን ወደ እኔ ሳብኩ። በዚህ ላይ ሳለን የሰዓቱ ባለቤት መጣ። የተከፈተውን ክዳን አየ፤ እኔን አየ፤ ቆጣ ብሎ ሊናገር አፉን ሲከፍት ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ወደቀ። ትንሽ ዝም አለና፣

«ተራው የማን ነው?» አለ።